ጳጉሜን የረሳ ደብተር

ቅዳሜ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ "እታለም" እላታለሁ፤ በዚህ ማስታወሻም ሌላ ስም አልሰጣትም። ሻንጣዬን ከመኪናው ኋላ ስንጭን፣ "ሙዚየሞቹን ማክሰኞ ታያለህ፤ ሰኞ ጠበቃ ጋ ትሸኘኛለህ" አለችኝ። ስለ አስቤዛ የምታወራ ነበር የሚመስለው።

እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው መንገድ ስለ እናቷ ጉልበትና ስለ ዶላር ምንዛሪ ስታወጋኝ ቆየች እንጂ ስለ ጠበቃው አንድ ቃል አልጨመረችም። ነገሩን ያወጣችው ቤት ገብተን፣ ቡናው ቶና ሲቀዳ ነው።

እታለም በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ "ነርሲንግ ሆም" በሚለው ቦታ፣ 6 ዓመት ሠርታለች። ሺፍቷ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነው። አቅመ ደካማ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ባለፈው ኅዳር የሺፍት መሪነት ቦታ ሲከፈት ከአመልካቾቹ ሁሉ ነባሯ እሷ ነበረች። ቦታውን ያገኘችው ግን እሷው ራሷ ሥራ ያስለመደቻት ልጅ ናት። ሱፐርቫይዘሯ የሰጠቻት ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "አክሰንትሽን የታካሚ ቤተሰቦች አይወዱትም።" ወር ሳይሞላ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ በዚህ ሕንፃ፣ በእረፍት ሰዓትም ቢሆን፣ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገር ክልክል ነው። በዚያ ሺፍት ሌላ ቋንቋ የሚያወሩት አራት ሐበሾችና ሁለት የኤል ሳልቫዶር ሴቶች ነበሩ። ጥር ላይ እታለም ለሰው ኃይል ክፍሉ፣ ለኤችአር፣ አቤቱታ ጻፈች። የካቲት ላይ በሳምንት 40 የነበረው የሥራ ሰዓቷ 24 ሆነ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ዝም አላልኩም፤ ጽፌዋለሁ" አለችና ከመኝታ ክፍሏ አንድ ደብተር አመጣች። ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ የተማሪ ደብተር። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ ኅዳር 12። 9 ሰዓት። አክሰንትሽን አይወዱትም አለችኝ። አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው አሥር ወር ማንም አልሰማትም። እንጀራዬን እዘጋለሁ የሚል ፍርሃት ነበረ፣ ሰው ምን ይለኛል የሚል ይሉኝታ ነበረ። ፋሲካ ይለፍ አለች፤ ልጇ ኮሌጅ እስክትገባ አለች፤ በመጨረሻም ዘመን መለወጫ ይለፍ አለች። አለፈ።

ቅዳሜ ማታ፣ ፌንተን መንገድ

ጠበቃዋን የጠቆሟት ጋሽ አሰፋ ናቸው። ፌንተን መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ካፌ ማኪያቶ ይዘው ጠበቁን። ለብዙ ዓመት የመኪና ፓርኪንግ ሠራተኛ ነበሩ። ከአሠሪያቸው ጋር ተካሰው ጉዳዩ በስምምነት አልቋል። "ስንት አገኙ?" ብዬ የአገሬን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

"እሱን ላልናገር ፈርሜአለሁ" ብለው ሳቁ። "አፌን ሸጬ ነው የወጣሁት። ሌላውን ሁሉ ግን ጠይቀኝ።"

ጋሽ አሰፋ መጀመሪያ የሄዱት የመኪና አደጋ ጠበቃ ዘንድ ነበር። በኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ ላይ ፎቶው ትልቅ ሆኖ የወጣው እሱ ነዋ! ሰውየው በደግነት አነጋግሯቸው ሦስት ወር አቆያቸው፤ በመጨረሻ "ይህ የእኔ ሥራ አይደለም" አላቸው። "የሲቪል መብት ጠበቃ ማለት ሌላ ሙያ ነው" አሉ ጋሽ አሰፋ። "እሱም ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ለሠራተኛ ይቆማል፤ ሌላው ያንኑ ሕግ አንብቦ ለኩባንያ ይቆማል። መጀመሪያ የማን ወገን እንደሆነ ጠይቂ።" በዚህ አካባቢ ለሠራተኛ የሚቆሙት የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ የሜትሮፖሊታን ዋሽንግተን የሥራ ጉዳይ ጠበቆች ማኅበር ይባላል። ጠበቃው ፈቃዱ የጸና መሆን አለመሆኑንም ማንም ሰው ከየግዛቱ የጠበቆች መዝገብ ማየት ይችላል።

እታለም ስለ ገንዘቡ ፈርታለች። ጋሽ አሰፋ ናፕኪን ላይ ጻፉላት። ብዙ ጠበቆች ከሚገኘው ላይ ሲሶውን ወይም እስከ 40 በመቶ ይወስዳሉ፤ ካልተገኘ የድካም ዋጋ አይጠይቁም። ወጪ ግን ለብቻው ነው፤ የፌደራል ፍርድ ቤት መዝገብ ማስከፈቻ ብቻ 405 ዶላር ነው። ሠራተኛው ከረታ ደግሞ ዳኛው የጠበቃውን ዋጋ አሠሪው እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል፤ ድሃ ጠበቃ የሚያገኘው በዚህች አንቀጽ ነው። ከዚያ ጣታቸውን አንስተው፣ "ሚሊዮን እንዳታስቢ" አሏት። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ (የአሜሪካን ሕግ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለሞራል ጉዳትና ለቅጣት የሚከፈለው በሠራተኛ ብዛት የተገደበ ነው። ከ15 እስከ 100 ሠራተኛ ላለው 50,000 ዶላር፣ እስከ 200 ላለው 100,000፣ ከ500 በላይ ላለው 300,000 ነው ጣሪያው። የቀረ ደመወዝ ለብቻው ይታሰባል። የእታለም ነርሲንግ ሆም 150 ያህል ሠራተኛ አለው።

"ጨርሶ ለሌለውስ?" አልኳቸው።

"ለሌለውም አለ።" ከ1968 ጀምሮ የሚሠራውን የዋሽንግተን የሲቪል መብቶች ጠበቆች ኮሚቴ ጠቀሱልኝ፤ የሠራተኞች የሕግ ክሊኒክ አለው። የዲሲ ጠበቆች ማኅበርም በነጻ ምክር የሚሰጥበት ክሊኒክ አለው። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የተነሳ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ያስተናግዳሉ። አማርኛችን በአንድ ሰፈር የሕግ ከለላ አለው፤ ጥቂት ማይል ርቆ ፍሪጅ ላይ ይከለከላል።

ስንለያይ ጋሽ አሰፋ እታለምን ትከሻዋን ይዘው፣ "የነገርሽን ድካም የማይነግርሽ ጠበቃ እንዳትቀጥሪ" አሏት። "እናሸንፋለን ብሎ ከጀመረ ቡናሽን ጠጥተሽ ውጪ።"

እሑድ፣ መስከረም 11፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ

ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ተዘረጋ። የጠበቃዋ ረዳት በስልክ አስቀድማ የጠየቀቻቸው ነገሮች ነበሩ። የአሠሪው ስምና የአለቆቹ ስም፤ ይህን የሚፈልጉት ቢሮው ከዚህ በፊት ለዚያው አሠሪ ቆሞ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። የሠራተኛው ብዛት፤ ሕጉ ከ15 ሠራተኛ በታች ያለውን አይነካም። ስትቀጠር የፈረመችው ወረቀት፤ "ቢጣሉ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል" የሚል ከተገኘበት መንገዱ ሁሉ ይለወጣል። ደመወዝ መክፈያዎች፣ የሥራ ምዘናዎች፣ ለኤችአር የጻፈችው ደብዳቤ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የቀናት ዝርዝር።

እዚህ ላይ ነው የተጣላነው። እታለም ነገሩን ከ6 ዓመት በፊት፣ ከተቀጠረችበት ዕለት ልትጀምር ፈለገች። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ተብሎ ያደገ ሰው ሌላ ከየት ይጀምራል? ሱፐርቫይዘሯ ያኔ ጥሩ እንደነበረች፣ ልጇ ስትታመም ምግብ እንደላከችላት፣ ከዚያ እንዴት እንደተለወጠች ታስረዳ ጀመር። ሰምቼ ስጨርስ ግማሽ ሰዓት ሄዷል። የጠበቃዋ ቀጠሮ አንድ ሰዓት ነው፣ 250 ዶላር ተከፍሎበታል፣ የአስተርጓሚው ጊዜም ከዚያው ላይ ነው።

ወረቀቱን ለአራት ከፈልነው፦ ቀን፣ ማን ምን አለ፣ ማን ሰማ፣ ምን ወረቀት አለ። "ዘረኛ ናት" የሚለውን ስጽፍ እታለም ራሷ እጄን ያዘች። "እሱ ቀን የለውም" አለችኝ። ሰረዝኩት። "ጠላችኝ" የሚለውም ወጣ። "አለቀስኩ" የሚለውን ግን ተውነው፤ በምሽቱ አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስታለቅስ አግኝታታለች። ለቅሶውም ምስክር አለው።

ቀጥሎ ሰዓቱ መጣ። ደብተሩ "9 ሰዓት" ይላል፤ እሷ ያለችው ከቀኑ 9 ነው፣ በእነሱ አነጋገር 3 ፒኤም። ያን ገጽ እንዳለ ተርጉመን ብናቀርብ ኖሮ የኩባንያው ጠበቃ የሰዓት መቆጣጠሪያውን አውጥቶ "ወይዘሮዋ ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ሥራ አልገቡም" ይል ነበር። በአንድ ቁጥር ውሸታም ትሆን ነበር።

ከሰዓቱ በኋላ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ ጀመርኩ። እታለም ሰኞን የመረጠችው በዘፈቀደ አልነበረም። በ1964ቱ ሕግ ሠራተኛ በቀጥታ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ መጀመሪያ ለፌደራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት ማለት አለበት። ለዚያ የተሰጠው ጊዜ 180 ቀን ነው፤ ሜሪላንድን በመሰለ የራሱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባለው ግዛት 300 ይሆናል። ኮሚሽኑ ሲጨርስ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቀው የመክሰስ መብት ደብዳቤ ይሰጣል፤ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ብቻ ነው ያለው። ሦስት መቶውን ጋሽ አሰፋ ነግረዋት ነበር። እሷም በደብተሩ ላይ ቆጠረች፤ ወር 30 ቀን ነው፣ ሦስት መቶ ቀን አሥር ወር ነው፣ ከኅዳር 12 አሥር ወር መስከረም 12። ሰኞ የመጨረሻዋ ቀን ነበረች፤ በዚያችው ዕለት ጠበቃዋ አቤቱታውን ትልክልኛለች ብላ ነበር።

እስክሪብቶዬ ነሐሴ ላይ ቆመ።

"እታለም፣ ጳጉሜንስ?"

ዝም አለች። ኅዳር 12 ቀን 2017 ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነው። ከዚያ ሦስት መቶኛዋ ቀን ሴፕቴምበር 17 ላይ ትውላለች፤ መስከረም 7። እኔ አውሮፕላን ከመሳፈሬ በፊት አልፋለች። እታለም አሥር ወር ስትቆጥር 305 ቀን ነበር የቆጠረችው። አሥራ ሦስተኛዋ ወር፣ ለቱሪስት የምንፎክርባት፣ አምስት ቀኗን ይዛ የሺፍት መሪነቱን አቤቱታ ወሰደችው።

እኛም አገር ይርጋ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ የተሰናበተ ሰው "ወደ ሥራዬ ልመለስ" የሚለውን ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካላቀረበ ይታገድበታል። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቀኑን ግን በጣታችን የምንቆጥር አይመስለኝም። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። "በሕግ አምላክ!" የተባለ ሰው ይቆማል፤ መንገደኛም ቢሆን ዳኛ ሆኖ ይሰማል። ቋጠሮው እስኪፈታ ባላጋራህ የትም አይሄድም። እዚህ አገር ከባላጋራህ ጋር የሚያቆራኝህ ነጠላ ቀን ነው። ቀኑ ሲያልፍ ቋጠሮው በራሱ ይፈታል፣ በደሉ ግን ካንተ ጋር ይቀራል።

እታለም ብዙ ቆይታ፣ "የካቲትስ?" አለች። ሰዓቷ የተቀነሰው የካቲት 3፣ ፌብሩዋሪ 10 ነው። ሰኞ 224ኛ ቀኑ ይሆናል። 76 ቀን አለው፤ ዲሴምበር 7 ድረስ። ኮሚሽኑ መድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ያመለከተን ሰው መበቀልን ራሱን የቻለ ጥፋት አድርጎ ያየዋል። ፍሪጁ ላይ ያለው ወረቀትም ዛሬም አልተነሳም።

ጥፋቴን እዚህ ልጻፍ። ደስ ብሎኝ፣ ለጠበቃዋ እንዲቀላት በማለት፣ በደብተሩ ኅዳግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የፈረንጁን ቀን መጻፍ ጀመርኩ። ሦስት መስመር ሄጃለሁ። በመሃል ጋሽ አሰፋ ደወሉ፤ የማደርገውን ስነግራቸው ስልኩ ውስጥ ጮኹ። "አትንካው! ደብተሩ ማስረጃ ነው! የቡና ጠብታው ሳይቀር እንዳለ ይቅረብ። የምትጽፈውን በሌላ ወረቀት ጻፍ፤ የጻፍከውንም እንዳትሰርዝ፣ ነገ ራስህ ተናገር።" እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

ስለ ስልኩም ያን ማታ ተማርን። እታለም የሥራ ፕሮግራሙን ሰሌዳ በስልኳ አንስታዋለች፤ ፎቶው ላይ ግን የታካሚዎች ስም ይታያል። ለእኔ እንኳ በቴሌግራም እንዳትልክልኝ፣ እንዳታጠፋውም፣ ጠበቃዋ ትወስን አሉ ጋሽ አሰፋ። ከባልደረቦቿ ጋር የተለዋወጠቻቸው የድምፅ መልእክቶችም እንዳሉ ይቀመጣሉ። ፌስቡክ ላይ ምሬቷን ልትጽፍ ጀምራ የተወችው ጽሑፍ እንደተተወ ይቅር። አንዲት ጓደኛዋ ደግሞ "ሱፐርቫይዘሯን ቅጃት" ብላ መክራት ነበር።

አየር ለመቀበል ጆርጂያ አቬኑን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ኢስተርን አቬኑ ጋ ስንደርስ ሜሪላንድ ያልቃል፣ ዋሽንግተን ዲሲ ይጀምራል። በዚያ ማዶ ሰው የራሱን ንግግር ሌላው ሳያውቅ ቢቀዳ ሕግ አይከለክለውም። በዚህኛው ወገን ግን የተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ካልተገኘ መቅዳቱ ራሱ ወንጀል ነው። ነርሲንግ ሆሙ በዚህኛው ወገን ነው። እታለም አስፋልቱን እያየች፣ "እንኳን ፈራሁ" አለች። ፍርሃቷ የጠቀማት እዚህ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 12፣ ቀዩ የባቡር መስመር

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ተሳፈርን። ባቡሩ ገና ሦስት ጣቢያ እንደሄደ እታለም ፋይሉን ለአራተኛ ጊዜ ከፈተችው። ኖማ ጣቢያ አጠገብ የኮሚሽኑ ዋና መሥሪያ ቤት አለ፤ በር የከፈተው የሲቪል መብቶች ሕግ በተፈረመ በዓመቱ፣ ጁላይ 2 ቀን 1965 ነው። ቀጣዩ ጣቢያ ዩኒየን ስቴሽን ነው፤ ከጎኑ በተርጉድ ማርሻል ስም የተሰየመው የፌደራል ዳኝነት ሕንፃ አለ። ማርሻል የባልቲሞር ልጅ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበርና በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1933 ተመረቀ። በሁለት ዓመቱ ከመምህሩ ከቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ጋር ሆኖ ያንኑ የሜሪላንድ ትምህርት ቤት ከሶ ረታ። ከዚያ 1954 ላይ የትምህርት ቤት መለያየትን ያስቀረውን ፍርድ አስገኘ፤ በ1967 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ ሆነ።

እኔን የሚደንቀኝ ግን መምህሩ ሂውስተን ነው። በ1930ዎቹ የፊልም ካሜራ ይዞ ደቡብ ካሮላይና ወርዶ የጥቁር ልጆች ጎጆ ትምህርት ቤቶችንና የነጮቹን ሕንፃዎች እያስተያየ ቀረጸ። እንዴት ተበደልን ብሎ ከመናገሩ በፊት ጣሪያውንና መስኮቱን ቀረጸ። ይህን ለእታለም ነገርኳት። "እኔም እኮ ቀርጬ ነበር" አለች ደብተሩን እየነካች፤ "በአማርኛ ሆነብኝ እንጂ።"

ቢሮው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠበቃዋ ራሷ ወጥታ ጨበጠችን፤ አስተርጓሚው ከጎኗ ነበር። እታለም "ወንድሜ አብሮኝ ይግባ" አለች። ጠበቃዋ ለሁለታችንም በትዕግሥት አስረዳችን። በጠበቃና በደንበኛ መካከል የሚባለው ነገር በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው፤ ሌላኛው ወገን አምጪው ማለት አይችልም። ሦስተኛ ሰው በክፍሉ ካለ ግን ያ ጥበቃ ሊፈርስ ይችላል። የቢሮው አስተርጓሚ የሥራው አካል ስለሆነ ችግር የለውም፤ ዘመድ ግን ዘመድ ነው። 

የኅዳጉን ጽሑፍ በር ላይ ተናዘዝኩ። ጠበቃዋ ደብተሩን ገልጣ ሰማያዊዎቹን ሦስት መስመሮች አየች፤ አልተቆጣችም። "እንግዲያው አንተም ምስክር ልትሆን ትችላለህ" አለችኝ፤ "ይህ ደግሞ ውጭ የምትቆይበት ሁለተኛ ምክንያት ነው።" በሩ ተዘጋ። በሩ ሳይዘጋ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር አስተርጓሚው እታለምን "እርስዎ ይቀመጡ፤ ከየት ልንጀምር?" ሲላት ነው።

ከውስጥ የተባለውን አልሰማሁም፤ በኋላም አልጠየቅኳትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

በመጠበቂያ ክፍሉ የነበረ በራሪ ወረቀት አነበብኩ። ሦስት ሕጎች ተደርድረውበታል። የ1866ቱ ባርነት በቀረ ማግስት የወጣ ነው፤ በሥራ ውል ላይ በዘር የሚደረግ መድልዎን ይከለክላል፣ ኮሚሽን ሳይጠይቅ ፍርድ ቤት ያደርሳል፣ ጊዜውም የሚቆጠረው በቀን ሳይሆን በዓመታት ነው። የሚሸፍነው ግን ዘርንና የዘር ግንድን ነው፤ የትውልድ አገርን ብቻውን አይሸፍንም። የ1871ዱ ፖሊስና የመንግሥት ባለሥልጣን ለሚፈጽመው በደል ነው። የ1964ቱ የእኛው ነው። ጳጉሜን የዘጋችው በር አጠገብ ሌላ በር ይኖር ይሆናል፤ "አክሰንትሽን" የሚለው ቃል ዘር ነው ወይስ አገር የሚለውን ቁልፍ የያዘችው ውስጥ ያለችው ሴትዮ ናት። ስለ ቋንቋ ክልከላም አንድ መስመር ነበር። በማንኛውም ሰዓት፣ በእረፍትም ጭምር የሚሠራ "እንግሊዝኛ ብቻ" ደንብ ሕጉን እንደጣሰ ይገመታል ይላል የኮሚሽኑ መመሪያ፤ ፍርድ ቤቶች ሁሉ ግን አይቀበሉትም። እታለም በማርች 2025 እንግሊዝኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ነው የሚል የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲወጣ ነገሩ ያበቃለት መስሏት ነበር። ያ ትእዛዝ ግን የሚናገረው ለፌደራል መሥሪያ ቤቶች ነው፤ የግል አሠሪን የሚገዛው ያው የ1964ቱ ሕግ ነው።

እዚያ ተቀምጬ ሙሉጌታ ሥራው ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1988 ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ውስጥ ራሳቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች ደብድበው የገደሉት ወገናችን። ገዳዮቹን መንግሥት ከሶ አሠራቸው። ቤተሰቡ በዚያ ሊያቆም ይችል ነበር። አጎቱ ግን ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር ከተባለው ድርጅት ጠበቆች ጋር ሆነው በፍትሐ ብሔር ሌላ ክስ አቆሙ፤ የከሰሱትም ዱላ የያዙትን ብቻ ሳይሆን ወጣቶቹን አስተምሮ ያሰማራውን መሪና ድርጅቱን ነው። ኦክቶበር 1990 የሕዝብ ዳኞቹ (ጁሪው) የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። ገንዘቡ አብዛኛው አልተገኘም፤ የዘረኞቹ መሪ ግን ቤቱን አጣ። የአቃቤ ሕግ ክስ ዱላ የያዘው እጅ ላይ ቆሞ ነበር። እጁን ያዘዘው ሰው ጋ የደረሱት አጎትየውና ጠበቆቻቸው ናቸው።

እታለም ከአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አረማመዷ ግን የሠራተኛ ነበር። በእጇ ያልተፈረመ ውል ይዛለች። "ቤት ወስደሽ አንብቢው፣ ያልገባሽን ጠይቂ፣ ዛሬ አትፈርሚ" ብለዋታል፤ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው። አሳንሰሩ ውስጥ፣ "በአማርኛ ስናገር ማንም አላቋረጠኝም" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ቁጭ ብሎ የሰማኝ ሰው ግን በሰዓት ይከፈለዋል" ብላ ሳቀች።

ዓርብ፣ መስከረም 16፣ ደመራ

ሙዚየሞቹን ማክሰኞና ረቡዕ አየሁ። ሐሙስ እታለም ከሲቪኤስ መደብር አንድ ደብተር ገዛች፤ በየገጹ አናት ሁለት ቀን፣ በየመስመሩ ሁለት ሰዓት ይጻፍበታል። የቤቷ ፍሪጅ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ዲሴምበር 7ን ሳይሆን ኦክቶበርን ከብባለች፤ የመጨረሻ ቀን የሚባል ነገር ዳግመኛ አታምንም።

ዛሬ ማታ ለደመራ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ። እታለም ናት፤ ሥራ ላይ ነች።

"የት ሆነሽ ነው የምትደውዪው?"

"ማረፊያ ክፍል፣ ፍሪጁ ጋ" አለች በአማርኛ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር በደህናው ድምጿ ተናገረችው። "ብሬክ ላይ ነኝ። ደመራውን አሰማኝ።"

ስልኩን ወደ ከበሮው ዘረጋሁላት። መዘምራኑ ዞረው እስኪመለሱ ድረስ እጄን አላወረድኩም። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልሰው ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል።

"አንድ ሰው ገብቶ ወጣ፤ ምንም አላለም" አለችኝ። "ቆይ ልጻፈው። ከምሽቱ 12፡40። 6፡40 ፒኤም። መስከረም 16፣ ሴፕቴምበር 26።"